የፊርደውስ ሳማ

ዝናቡ ጠግቦ የዘነበበት፣ ሳማው ከድንጋይ አጥሬ በላይ የወጣበት ክረምት ነበር። የታጠበ ልብስ አይደርቅ፣ መንገዱ ጭቃ፤ እኔ ግን እንደዚያ ዓመት ደስ ብሎኝ አያውቅም። የጎረቤቴ የሙኽታር ልጅ፣ ፊርደውስ፣ እኔ ዘንድ ትውል ነበራ።

ሙኽታር ሰቆጣ ገበያው ላይ ሱቅ አለው። ፊርደውስ ኮሌጅ ጨርሳ፣ ላፕቶፕ ታቅፋ የስልክ ጌም ትሠራለች። ባሕር ዳር ለጌም ሠሪዎች ሥልጠና ተከፍቶ ነበር፤ የሚገባው ግን ያለቀ ጌም የላከ ብቻ ነው። አሥር ቀን ቀርቷታል።

ጌሙ ውስጥ አንዲት ልጅ ትሄዳለች፤ መንገዷን የሚዘጋው ጠላት ሳማ ነው። ግን ምን ዓይነት ሳማ! እንደ ዋርካ የገዘፈ፣ ጥርስ ያወጣ፣ ቅጠሉን እንደ ጅራፍ የሚያወናጭፍ። በሰይፍ ሲቆርጡት በአንዱ ፋንታ ሁለት ይበቅላል። ያለፈው ሰው የለም። ሙኽታር እንኳ ሱቁ ውስጥ ሞክሮ ሦስት ጊዜ ሞተ።

«አንቺ፣ ይኼ ጌም ነው ወይስ መቃብር?»

«አባዬ፣ ጣትዎ እኮ ነው የዘገየ!»

«ጣቴ ሠላሳ ዓመት ስኳር ሲመዝን ማንም ዘገየህ አላለውም!»

የሳማውን ጉልበት ብትቀንሰው ደግሞ በአንድ ምት ይወድቃል፤ ያኔ ማንም አይጫወተውም። ዓይኗ ቀልቶ መጣች።

«እማማ ይታየሽ፣ ልተወው ነው።»

አሳየችኝ፤ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

«ሳማን በሰይፍ ማን አለሽ ልጄ? በቆረጡት ቁጥር ይብስበታል። እሱ የሚፈራው ድስት ነው።»

«ድስት?»

«ቀቅለሽ ትበይዋለሻ!»

«ሳማ ይበላል እንዴ?»

የሱቅ ልጅ፣ በምን ታውቀው! እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ ለጋ ለጋውን ቀነጠስኩ፤ ቀቅዬ፣ አድቅቄ፣ በባቄላ ዱቄት ሠራሁላት። ሊለበልባት ነው ብላ ዓይኗን ጨፍና ጎረሰች። ከዚያማ ድስቱን ጠርጋ፣ እጇን ሳትታጠብ ወደ ላፕቶፗ ሮጠች።

በአራተኛው ቀን የጌሙ ልጅ ሰይፏን ጥላ፣ እጇን ጠቅልላ ጫፍ ጫፉን እየቀነጠሰች ድስት ውስጥ ትጨምር ጀመር። ድስቱ ሲንተከተክ ያ ግዙፍ ሳማ ወደ ኋላው ይሸሻል! የመቀንጠሻው ጊዜ ካመለጣት እንደገና ይገርፋታል። ሙኽታር ሚዛኑን ጥሎ «በላሁት! በላሁት!» እያለ ከሱቁ ወጣ፤ ደንበኛው ምን በላ ብሎ ደነገጠ።

ጌሙን በሰባተኛው ቀን ላከችው፤ ተቀበሏት። መስከረም ላይ አውቶብስ ስትሳፈር አቅፌ ሸኘኋት፤ ቤቱም ጭር አለብኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ የደወለችልኝ በጥር ነው። ባሕር ዳር ነበረች፤ ሥልጠናዋን ጨርሳ፣ ሶስና ከምትባል ጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራይታ እዚያው ጌም ትሠራለች።