ማለዳ የተለካው ፍጥነት

ባለቤቴ ከአፋምቦ ወደ ቤታችን ወደ ሰመራ የተመለሰው ትኩሳት ይዞት ነበር። ድሮኑን ከነሻንጣው በሩ ሥር አስቀመጠ፤ ፎቶግራፎቹ ያሉበትን ትንሽ ካርድ ግን ከደረት ኪሱ አውጥቶ በእጄ ሰጠኝ። «ይሄን ገልብጪልኝ፤ ነገ እንጀምራለን» አለና ተኛ። በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። ካርዱን የገለበጥኩት ከቀብሩ በኋላ፣ ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ሲሳሳ ነው።

ፎቶዎቹ በአዋሽ ወንዝ ግራና ቀኝ ዳር የተዘረጋ የአፈር ግድብ ናቸው። አዋሽ ባሕር ሳያይ የሚቀር ወንዝ ነው፤ መጨረሻው እዚያ አፋምቦ አጠገብ ነው። ደጋው ላይ ክረምቱ ሲበረታ ውሃው ታች ያለውን ማሳና ግጦሽ ይውጣል። ሽማግሌዎቹ ባለቤቴን የጠየቁት ግድቡ የቱ ጋ ዝቅ እንዳለ የሚያሳይ ካርታ ነበር። መሬቱ ለጥ ያለ ስለሆነ ዓይን ልዩነቱን አይለየውም። ካርታው ውሃውን ከቀደመ፣ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ የት እንደሚደረድሩና ሰውና ከብቱን ከየት እንደሚያነሡ ያውቃሉ። ካልቀደመ በግምት ነው የሚሠሩት፤ ባለፈው በግምት ሠርተው ሰው ተወስዶባቸዋል።

እኔ የድራፍቲንግ ባለሙያ ነኝ። እሱ ያነሣ ነበር፣ እኔ እሥል ነበር። በመካከል ያለውን ከባዱን ሥራ ግን ኮምፒውተሩ ነው የሚሠራው። እያንዳንዱን ፎቶ ከሌላው ጋር እያመሳከረ የመሬቱን ከፍታ ያወጣል፤ ለዚያም ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ መሥራት አለበት።

ቤታችን ውስጥ ሁለት ማሽን ነበር። ጠረጴዛው ላይ እኔ የምሥልበት አዲሱ ላፕቶፕ፣ ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ ባለቤቴ አዋሽ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲያስወግድ ገዝቶ፣ ሚኒባስ ላይ አስጭኖ ያመጣው ሰርቨር። ያመጣው ቀን ተጨቃጭቀን ነበር። «ላፕቶፕ የተሠራው ለሰው ነው፤ ሰርቨር የተሠራው ለሥራ ነው» አለኝ። «እኔስ ታዲያ ለማን ነው የተሠራሁት?» ስለው ጥያቄውን በሣቅ አለፈው። ሽርጥ ጣል አደረግሁበት፤ እንደተሸፈነም ከረመ።

እኔ ያኔ ዒዳ ላይ ነበርኩ። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ አትርቅም። ለሥራው የተመቸኝ መስሎኝ ነበር።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከአዋሽ ከተማ መጣ። እዚያ ኮምፒውተር ይጠግናል። ማደሪያው ከአጥራችን ማዶ ያለው ሆቴል ነበር። የሆቴሉ ባለቤት እንደኔው ወሎዬ ናት፣ በዕድሜ ትልቄ፤ እቴቴ ነው የምላት። ወንድሙ እኔ ዘንድ ሲመጣ እሷም መጥታ ትቀመጣለች፤ በሩ ክፍት ይሆናል።

«እታለም፣ ይሄን ብረት ሽጪና ተገላገይ» አለኝ ሽርጡን ገልጦ። «የላፕቶፑ ፕሮሰሰር አዲስ ነው። የዚህኛው አሮጌ ነው።»

«ሁለት ፕሮሰሰር አለው ብሎኝ ነበር።»

«አለው። ኮሩም፣ ሥራውን ተካፍሎ የሚሠራው ክፍል፣ ብዙ ነው። ግን እያንዳንዱ ኮር ዘገምተኛ ነው። ላፕቶፑን እንደ አይሱዙ ቁጠሪው፤ ይሄኛው የጅቡቲ ተሳቢ ነው። መጫኑንስ ይጭናል፤ የሚጠጣውን ማን ይችለዋል? መብራት ሲሄድ ደግሞ ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ይሄ ቀጥ ነው የሚለው።»

«ወንድምህ እኮ ነው የገዛው።»

«ወንድሜ ብረት ሲያይ አያስችለውም ነበር፤ አላህ ይዘንለት» ብሎ ሣቀ። ሣቁን አልጨረሰውም።

ሳልለካ አልሸጥም አልኩት። ከፎቶዎቹ የአንዱን ማዕዘን ቆርጠን፣ ያንኑ ቁራጭ ለሁለቱም ልንሰጥ ተስማማን። ከሱብሂ ሰላት በኋላ፣ ነፋሱ ገና ቀዝቀዝ እንዳለ ጀመርን። ሰርቨሩ ሲነሣ የማቀዝቀዣ ማራገቢያዎቹ ጮኹ።

«ይሄ አውሮፕላን የሚነሣው ስንት ሰዓት ነው?» አለች እቴቴ ሻይዋን ይዛ።

አልተነሣም። ላፕቶፑ ጨርሶ ሲያርፍ ሰርቨሩ ገና ግማሹን ትንሽ አልፎ ነበር። «ይኸው፤ ዳኛም አያስፈልገው» አለ ወንድሙ። እኔም አመንኩ። ባለቤቴ የተሸነፈ መስሎኝ ከፋኝ፤ ያም ሆኖ ሥራውን በሙሉ ለላፕቶፑ ሰጠሁት። ማሽኑ ራሱ ባሰላው ግምት ሐሙስ ያልቃል።

በማግስቱ፣ ሰኞ ረፋዱ ላይ፣ የአፋምቦው ሽማግሌ መጡ። ሐጂ ነው የምንላቸው። ዒዳ ላይ መሆኔን ስለሚያውቁ አልገቡም፤ ከደጅ ጥላው ሥር ተቀምጠው አላህ ያጽናሽ አሉኝና ዳጉ ጀመሩ። ዳጉ የአፋር ወግ ነው፤ ሰው ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሌላው ይነግራል። ከላይ የመጣ መንገደኛ ወንዙ ደፍርሶ ግንድ እየነዳ ሲወርድ በዓይኑ አይቷል። ከዱብቲ በላይ ያሉት ፍየሎቻቸውን ወደ ኮረብታ አውጥተዋል። ወንድሙ ከውስጥ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ፤ ሚስቱም ከአዋሽ ደውላ ገደሉ ውስጥ ያለው ውሃ ድምፁ እስከ ሰፈር ይሰማል ብላዋለች።

«መቼ ይደርሳል፣ ሐጂ?» አልኳቸው።

«ውሃው ነው ወይስ ካርታው? የውሃውን እኔ እነግርሻለሁ። የካርታውን አንቺ ንገሪኝ።»

«ሐሙስ፣ ኢንሻአላህ።»

«ውሃው ከጁምዓ አያልፍም» አሉና ተነሡ።

እሳቸው ሲሄዱ ወደ ጠረጴዛው ተመለስኩ። ቀትር ሆኖ ነበር፤ ቆርቆሮው ከላይ ይንጣጣል። ከትናንት ማለዳ ወዲህ ያላየሁት የማለቂያ ጊዜ ከሐሙስ ወደ ቅዳሜ ሸሽቷል። የላፕቶፑን ገበታ ስነካው እጄን አቃጠለኝ። ቬንትሌተሩን አዞርኩለት፤ ከሥሩ ሁለት የቲማቲም ድልህ ጣሳ አድርጌ ከፍ አደረግሁት፤ እርጥብ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩ። ጊዜው ወደ እሑድ ሸሸ።

ወንድሙ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚያሳየውን ፕሮግራም ከፈተ። ማለዳ ከነበረው ግማሽ እንኳ አልነበረም። «ሲሞቅ እንዳይቃጠል ራሱ ይቀንሳል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኛ ዘንድ አዋሽ ከተማም ይቀንሳል። እንዲህ ግን አይደለም።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰመራ ላይ ሁሉ ነገር ማለዳ ነው። ቢሮው ማለዳ፣ ገበያው ማለዳ፣ ቀብሩም ከተቻለ ማለዳ ነው። ባለቤቴንም የቀበርነው ማለዳ ነው። ቀትር ላይ በር ይዘጋል፤ ሰው ይጋደማል። እኛም እንደ ሰው ልማድ ማሽኖቹን ማለዳ፣ ለአጭር ሥራ ብቻ ለካናቸው። ማሽን ግን ቀትር ላይ አይጋደምም። የሚሠራበት ሰዓት አብዛኛው እኛ የማንሠራበት ነው።

«ሰርቨሩን አስነሣው» አልኩት። «ያንኑ ቁራጭ፣ አሁን።»

አስነሣው። ክፍሉ በጩኸት ተሞላ፤ ከጀርባው የሚወጣው ነፋስ እንደ ምድጃ ይጋረፋል። የፈጀበት ጊዜ ግን የትናንት ማለዳው ነበር ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው የተሠራው፤ ሳያርፍ፣ ሳይሮጥ፤ ሥራው ሲበዛ ደግሞ በትንሹ ቁራጭ ላይ ሥራ ፈትቶ የነበረው ኮር ሁሉ አብሮ ይሠራል። ትናንት በሁለት እጥፍ ያህል የቀደመው ላፕቶፕ አሁን ከኋላው ቀርቷል።

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ወንድሙ። «የጀመረውን ብታቆሚው የሠራው ሁሉ ይጠፋል። ሰርቨሩም ቢሆን ሁሉን ለሐሙስ አያደርሰውም። መብራቱ አንዴ ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ ከዜሮ ነው። መብራት ሲሄድ የሚይዝላችሁ ዩፒኤስም ሞቷል።»

«ላፕቶፑ መቼ ነው የሚያደርሰው?»

«እሑድ ይላል።»

«እሑድ ካርታው ለዓሣ ነው የሚሆነው።»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ቢኖር ብዬ አሰብኩና አሳቤን ገታሁት፤ ቢኖር የሚለው ነገር ቀን ያስመሻል። ስልክ አንሥቼ ለሐጂ ደወልኩ።

«ሐጂ፣ ሁሉን አላደርሰውም። ግማሹን ብቻ ነው። ከወንዙ ወዲህ ያለውን ግድብ ወይስ ወዲያ ያለውን? እርስዎ ይምረጡልኝ።»

ስልኩ ውስጥ የመኪና ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

«ሰው ያለበትን» አሉ። «ወዲህ ያለውን።»

ካርታውን የምሥልበትም እሱ ብቻ ስለሆነ ላፕቶፑን አቆምኩት። ግማሹን ፎቶ ለየሁ።

የቀረው መብራት ነበር። መስመሩ ሲቋረጥ የእቴቴ ጀነሬተር ይነሣል፤ እስኪነሣ ባለው ጊዜ ግን ሰርቨሩ ይሞታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጀነሬተር ብቻ መሥራት ነበረበት።

«አንቺዬ» አለች እቴቴ፣ «ለምን ማሽኑን እኔ ዘንድ አታመጪውም? ኤሲ ያለው ክፍል እሰጥሻለሁ። ዶሩራ ነው፤ ለችግር ይፈቀዳል። ሼኹን ላስጠይቅልሽ?»

«ግቢሽ ሙሉ ሹፌር ነው፣ እቴቴ። እዚያ ቀንና ሌሊት ስቀመጥ ሼኹ ቢፈቅዱም እኔ አልችልም።»

«ሹፌሮቼ ምን ሆኑ? ካንቺ ማሽን ያነሰ ነው የሚጮኹት» አለችና ወደ ወንድሙ ዞረች። «በል አንተ፣ ገመዱን በአጥር ላይ አሳልፍ። ውፍረቱን እይ ታዲያ፤ ቤቴን እንዳታነድብኝ።»

ናፍጣውን የሐጂ ዘመዶች ከዱብቲ በጀሪካን ላኩ። ማክሰኞ ቀትር ላይ ጀመርን። እኔ ከማሽኑ ፊት አልተነሣሁም፤ ሰላቴንም እዚያው ጎን ሰገድኩ። ረቡዕ ከሰዓት ጀነሬተሩ አሳለው። አምፖሉ ደብዘዝ አለ፤ የማራገቢያዎቹ ድምፅ ወረደ። ወንድሙ ጫማውን ሳያጠልቅ በአጥሩ ዘለለ። ማዶ እቴቴ «ንካው እንጂ፣ ምን ታየዋለህ» ስትለው ይሰማኛል። እጄን በሰርቨሩ ቆርቆሮ ላይ አደረግሁ፤ እንዳይቆም የምይዘው ይመስል። ድምፁ ቀስ ብሎ ተመለሰ። የናፍጣው ማጣሪያ ቆሽሾ ነበር።

ሐሙስ ከአስር ሰላት በኋላ አለቀ። የከፍታውን መስመር ሥዬ ቀለም ስሰጠው፣ ባለፈው ውሃው የሰበረውና ሁሉም የፈራው ቦታ ደህና ሆኖ ተገኘ። ዝቅ ያለው ከመንደሩ የቁርኣን ትምህርት ቤት፣ ከመድረሳው ጀርባ ነበር፤ ፍየል ለዓመታት የተመላለሰበት መንገድ ግድቡን በልቶታል። ወንድሙ ካርታውን አትሞ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ወደ አፋምቦ ሄደ፤ አድርሶም በዚያው ሌሊት ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ሰዎች የቱ ይሻላል ብለው ይጠይቁኛል። ለመሣል፣ ለመጻፍ፣ ፈጥኖ ለሚያልቅ ሥራ በላፕቶፑ አልደራደርም፤ ይህንንም የምጽፈው በእሱ ነው። ኤሌክትሪኩን ለሚቆጥር ሰው ሰርቨር ዕዳ ነው። ቀናት ለሚፈጅ ሥራ፣ በዚህ ሙቀት፣ መብራቱን ማመን ከተቻለ ግን ያ አሮጌ ብረት ዋጋውን ይመልሳል። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግን አስቀድሜ የምለው አንድ ነው፤ በምትሠሩበት ሰዓት ለኩት።

ውሃው ጁምዓ ገባ። ስልክ አልሠራ አለ። ቅዳሜ ምንም አልሰማንም። እሑድ ሐጂ መጡ፤ ሽርጣቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነበር። ጥላው ሥር ተቀመጡ። አላቻኮልኳቸውም፤ ዳጉ በቅደም ተከተሉ ነው።

ውሃው ከመድረሳው ጀርባ እስከ ማዳበሪያዎቹ አፍ ድረስ ወጣ፤ እዚያ ቆመ፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ አደረ። ወንዶቹ ተራ እየገቡ ጠበቁት። ጠዋት አንድ ጣት ያህል ወረደ። አንድም ሰው አልተወሰደም። አንዲት አሮጊት ግመሏን ልትፈልግ ወጥታ ነበር፤ ተገኘች። ግመሏም ተገኘች።

«ወዲያኛውስ?» አልኩ። «እኔ ያልደረስኩበት ወገን?»

«ሰበረው» አሉ በዚያው ድምፅ። «ማሳውን በሙሉ ወሰደው። በቆሎው ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር።»

«የማን ነበር፣ ሐጂ?»

«የእኔና የወንድሞቼ።»

እቴቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር፤ የያዘችውን ብርጭቆ ዝቅ አደረገች። ሐጂ በዱላቸው ጫፍ መሬቱን ጫር ጫር አደረጉና ቀና አሉ።

«ፎቶው አለ ወይስ አብሮ ጠፋ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ሥሪው። ውሃው ሲሸሽ እንዘራለን፤ ግድቡንም መጀመሪያ የት እንደምንሞላው ማወቅ አለብን። አሁን አትቸኩዪ።»

ወንድሙ ሽርጡን ገልጦ የሰርቨሩን ጀርባ በብሩሽ ያጸዳ ጀመር። የአፋምቦ አቧራ አይደለም፤ የሰመራ ነው፤ ይሁንና ከማራገቢያዎቹ ውስጥ ብዙ ወጣ። እኔ የቀሩትን ፎቶዎች ከፈትኩ። በመጀመሪያው ላይ የባለቤቴ ጥላ አለ፤ መቆጣጠሪያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ በቆሎው ዳር ቆሞ፣ ጥላው ረዝሞ። ጥላው ከፍታውን ያሳስተዋል ብዬ ልቆርጠው አሰብኩ። ከዚያ ተውኩት፤ ጎኑ ያለው ፎቶ ቦታውን ይሸፍነዋል።