ጽሑፍ ቁጥር ሠላሳ አንድ

ወይዘሮ ፉሚዬ ኢሺማሩ በካሊፎርኒያ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የትምህርት ክፍል ጸሐፊ ነበሩ። «ዘጠነኛው መስኮት» የተባለው የእስያውያን ተማሪዎች የሥነ ጽሑፍ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1971 ሲጀመር፣ የመጀመሪያውን እትም በስቴንስል የመቱት እሳቸው ናቸው። ተማሪ በአራት ዓመት ተመርቆ ይሄዳል፤ ተማሪዎቹ ሁሉ በአክብሮት «አክስቴ» የሚሏቸው ፉሚዬ ግን እዚያው ነበሩ። ስለዚህ የመጽሔቱን ታሪክ የሚፈልግ ሁሉ የሚጠይቀው እሳቸውን ነበር።

የአመራረጡ ዘዴ ግሩም ነው። ከተማሪም ሆነ ከሠራተኛ የመጣ ጽሑፍ መጀመሪያ ለፉሚዬ ይደርሳል። የእጅ ጽሕፈቱ እንዳይለይ እንደገና በታይፕ ይመቱታል፤ ስሙን አስቀርተው ቁጥር ይሰጡታል። የስም ዝርዝሩ መሳቢያቸው ውስጥ ይቆለፋል። ከዚያ ሰባት አንባቢዎች ክብ ሠርተው እያንዳንዱን ጮክ ብለው ያነባሉ። አራት እጅ ከተነሣለት ይታተማል።

በ1984 ጸደይ ፉሚዬ የራሳቸውን ጽሑፍ ቁጥር ሠላሳ አንድ ብለው ጨመሩበት። ሁለት ገጽ ነው። በ1942፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ የአሜሪካ መንግሥት በአገሩ የሚኖሩ ጃፓኖችን ሰብስቦ ወደ እስር ካምፕ ሲወስድ፣ አበባ አብቃይ የነበሩት አባታቸው የሚወስዳቸው አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ በረድፍ የተከሉትን የካርኔሽን አበባቸውን ሲያጠጡ እንደዋሉ ይናገራል። ይህን ለመጻፍ አርባ ሁለት ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

የንባቡ ቀን ፉሚዬ ቀጥሎ ባለው ክፍል ነበሩ። በሩ ክፍት ነው። አዘጋጇ ሮዌና አግባያኒ አንብባ ስትጨርስ ታይፑን መምታት አቆሙ።

«ቆይ፣ ቆይ!» አለ ከሰባቱ አንባቢዎች አንዱ፣ ተማሪው ኬልቪን ላው። «ይሄ አያቱን ሆኖ የሚጽፍ ልጅ ነው። በየእትሙ አንድ አይጠፋም!»

«አንተ ደግሞ! ምን አውቀህ?» አለችው ሮዌና።

«ወደ ካምፕ ሊወስዱት የመጡበት ሰው አበባ ያጠጣል? እንድናለቅስ ብሎ የፈጠረው ነው።»

«አንተን ማን ያስለቅስሃል? የባዮሎጂ ፈተና ካልሆነ!»

ሁሉም ሳቁ። ሦስት እጅ ተነሣ፤ አንድ ጎደለ።

ሮዌና የወደቁትን ቁጥሮች ይዛ ወደ ፉሚዬ መጣች። «አክስቴ፣ ለሠላሳ አንድ ለስለስ ያለ ደብዳቤ ይጻፉለት፤ አሳዘነኝ። ለመሆኑ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ሮዌና ክው አለች። «አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ! እንደገና ድምፅ እንሰጣለን!»

«ተይ ልጄ። ስሜን ሰምታችሁ ልታሳልፉት? ታዲያ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ስም የምደብቀው ለምን ይመስልሻል?»

«ግን እውነት ነው እኮ!»

«እውነትነቱንማ አውቃለሁ። ወረቀቱ ላይ አልታየም።»

ክረምቱን የኬልቪን ጥያቄ ፉሚዬን ሲከነክናቸው ከረመ። ያኔ በ1942፣ አውቶቡሱ በመጣበት ቀን፣ እሳቸውም አባታቸውን ይህንኑ ጠይቀዋቸው ነበር። መልሱ ግን ተራ ነገር መስሏቸው ትተውት ነበር፤ አሁን ጻፉት። «አባባ፣ አሁን ማጠጣቱ ምን ያደርጋል?» ብለው ሲጮሁባቸው፣ አባታቸው ቀና እንኳ ሳይሉ «ዛሬ የሰሜኑ ረድፍ ተራ ነው» ነበር ያሉት።

በመስከረም ጽሑፉ ቁጥር ስምንት ሆኖ ቀረበ። የማን እንደሆነ የምታውቀው ሮዌና ምስጢሩን ሳታወጣ አነበበችው።

«ይሄ ያ የባለፈው ነው» አለ ኬልቪን። ከዚያ ያችን የሰሜኑን ረድፍ እንድትደግምለት ጠየቃት። ደገመችለት። «ይህችን ማንም ቁጭ ብሎ አይፈጥራትም» አለና እጁን አነሣ። ስድስት ሆኑ።

የተመረጡትን ጽሑፎች ደራሲዎች ስም ከመሳቢያው የማውጣት ተራው የኬልቪን ነበር። ቁጥር ስምንት ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ፉሚዬን አየ፤ ፊቱ ቀላ።

«አክስቴ፣ እኔ ባለፈው...»

«ሰምቼሃለሁ፤ በሩ ክፍት ነበር» አሉት። «ወንበር ሳብና ተቀመጥ። አንተ ታነብልኛለህ፣ እኔ እመታለሁ።»