ከኋላችን የመጣው መንደር

ሆሳዕና ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሮጥ የአማተር ክለብ አለን። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ የልምምድ ጓደኛዬ ከድር ደግሞ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ባለፈው በጋ በሀቢቾ መንገድ የግማሽ ማራቶን ውድድር አደረግን። ሌሎቹ ቀድመውን ኮረብታውን ተሻግረዋል፤ መጨረሻ የቀረነው እኔና ከድር ነን።

አንዱን መንደር እንዳለፍን ከኋላችን እሪታ ሰማሁ። ዞር ስል መንደርተኛው መጥረቢያና ዱላ ይዞ እየሮጠ ይከተለናል።

«ከድር፣ ምን አድርገናቸው ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሩጪ ብቻ!»

ያስቆጣቸው ጠባቡ ሱሪዬ ይሆናል ብዬ፣ እየሮጥኩ ጃኬቴን አውልቄ ወገቤ ላይ አሰርኩ። ሰዎቹ ግን ጭራሽ ፍጥነት ጨመሩ። እኛም በሕይወታችን ሮጠን በማናውቀው ፍጥነት ሮጥን። በመጨረሻ ከድርን ባቱን ቀስፎ ያዘውና መንገዱ ላይ ተዘረረ። ጥዬው መሄድ አልሆነልኝም፤ እጆቼን ወደ ላይ አንስቼ አጠገቡ ቆምኩ።

መጀመሪያ የደረሱት መጥረቢያ የተሸከሙ ሽማግሌ ነበሩ። ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሰው የሚሮጠው የማን ቤት ተቃጥሎ ነው?» አሉኝ።

እጆቼን አውርጄ ከድር ጎን ዘጭ አልኩ።

«እሳት የለም አባባ፤ ለጤናችን ብለን ነው የምንሮጠው።»

መጥረቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ከዚያ ወደ መንደርተኛው ዞረው በሀዲይኛ ተጣሩ። የእናቴ ቋንቋ ነውና ያሉት አላመለጠኝም፤

«ተመለሱ! ደህና ናቸው፤ እንዲሁ ነው የሚሮጡት!»