ሦስት ጠባሳ

አግዳሚው ላይ ቦታ እያለ ሽማግሌው አልተቀመጠም። ከሚሴ ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ ኮሪደር፣ ቀኝ እግሩን እንደ ሽመላ አንስቶ፣ ሽርጡን ጨብጦ ግድግዳ ተደግፏል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ረቢአ ስሙን ብትጠይቀው፣ "ከሰንበቴ ከተማ የመጣ እንግዳ ብለሽ ጻፊው" አላት።

ጥቂት ቆይቶ፣ ከጨፋ መጥታ ተራ የምትጠብቅ ሴት ባቷን ስታሽ አየ። "ይኼን ሐኪም አያውቀውም" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በገበያ ቀን ሰንበቴ ነይ። ጭንሽን፣ ባትሽን፣ ቁርጭምጭሚትሽን በጋለ ብረት ልተኩስልሽ።"

ረቢአ ይህን ሰምታ የክፍሏ በር ላይ ደርቃ ቀረች። እነዚያን ሦስት ጠባሳዎች ታውቃቸዋለች። ሕመሙ ሳይለቃቸው ቁስል ተጨምሮባቸው የሚመጡ ሕመምተኞችን መግል የያዘ ባት ስንቴ አጥባለች። የተኳሹን እጅ ግን እስከዛሬ አላየችውም ነበር።

ተራው ሲደርስ አልጋ ላይ አንጋለለችው። እግሩን ቀጥ አድርጋ ስታነሳው "ያ ረቢ!" ብሎ ጮኸ።

"ሕመሙ እግርዎ ላይ ይሰማዎታል እንጂ ነርቩ የተጫነው ወገብዎ ላይ ነው" አለችው ጥርሷን ነክሳ። "እግር ቢጠበስ ለወገብ ምን ይበጀዋል?"

ሽርጡን ገለጥ አድርጋ ጠባሳዎቹን ፈለገች። ጭኑ ንጹሕ ነው። ባቱም ንጹሕ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የእሳት ምልክት የሚባል የለም።

"እርስዎስ ለምን አልተተኮሱም?"

ሽማግሌው ጅል እንደሚያይ ሰው አያት።

"በጋለ ብረት? ኧረ ልጄ፣ ያማል እኮ!"