አምቡላንሱ ለልምምድ ቆሞ ነበር

«እህቴ፣ ዛሬ መስመሩ ለልምምድ ተይዟል፤ ከሰዓት በኋላ ደውዪ» አለኝ የአደጋ ጊዜ ስልኩን ያነሳው ሰው።

ጎረቤቴ ሐጂ ከድር ጠዋት ሱቃቸው በር ላይ ወድቀው አንደበታቸው ተሳስሯል። ባለቤታቸው አዴ ዘይነባ የሐጂን ራስ ደግፈው «ያ አላህ» ይላሉ።

ልምምዱ እዚሁ ባሌ ሮቤ ነው፤ ከጎባና ከደሎ መና ጋር በጋራ የሚደረግ የአደጋ ጊዜ ግንኙነት ልምምድ። ወደ ሜዳው ሮጥኩ። አምቡላንሶቹ ተደርድረዋል፤ አንድ የተጋበዙ እንግዳ በድምፅ ማጉያ ስለ ወደብ ደህንነትና ስለ ጎረቤት አገሮች ትብብር ያስረዳሉ። (ሻያ ወንዝ ላይ መርከብ ሊገባ ከሆነ አልሰማሁም።)

«ሰው እየሞተብን ነው» አልኩት አንዱን ሹፌር።

አንገቱን ደፍቶ «ፕሮግራሙ ሳያልቅ እንዳትንቀሳቀሱ ተብለናል» አለኝ።

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናቸው። በየጉድጓዱ ስንናጥ አዴ ዘይነባ የሐጂን ጭንቅላት በሁለት እጃቸው አቅፈው ነበር።

ሐጂ በሕይወት አሉ፣ አልሐምዱሊላህ። ቀኝ እጃቸው ግን አይንቀሳቀስም። ሐኪሟ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ» አለችን።

ልምምድ አልጠላም። ግን እውነተኛው በሽተኛ ሲመጣ ካልቆመ ለማን ነው የምትለማመዱት?

እናንተስ ለአደጋ ደውላችሁ ምን ተባላችሁ? እዚህ ሥር ጻፉት፤ ሰብስቤ ለልምምዱ አዘጋጆች ይዤላቸው እሄዳለሁ።