በሹክሹክታ የተለቀሰው ለቅሶ

ባለፈው ሳምንት እንደ ልጄ የማያት ሊያ ደወለችልኝና፣ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ማሚን ሆስፒታል እኔ ልውሰዳት። ዩ ሹድ ረስት» አለችኝ።

«ማን ደከመኝ አለሽ?»

«ኖባዲ፣ ጋሼ። ግን ፍሪዌይ ላይ… ዩ ኖው፣ አይንዎ…»

«ያን ፍሪዌይ አንቺ ሳትወለጂ ነው ያወቅሁት» አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። ከዘጋሁ በኋላ ግን ተቀምጬ ቀረሁ። ቃሉ ከአፌ የወጣው በንዴት ቢሆንም፣ እሷ ሳትወለድ በዚያ መንገድ ላይ የሆነውን ከእኔ በቀር በቅጡ የሚያውቅ ሰው አሁን ብዙ አልቀረም።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት የሚናገረው ሰው ማን እንደሆነ ይታወቅ። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ ራሴን በራሴ ያስተማርኩት ነው። ሱዳን በስደት ሳለሁ ሽፋኑ የተገነጠለ የሞተር መጽሐፍ እጄ ገባ። መጀመሪያ በሥዕሉ ሞተሩን ተማርኩ፤ ከዚያ በሞተሩ እንግሊዝኛውን ተማርኩ። በዚህ መንገድ የተማረ ሌላ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከገባሁ በኋላ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ቴሜስካል ሰፈር ውስጥ ከቴሌግራፍ ጎዳና ጀርባ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ በርክሌ ይኑር ሳን ሆዜ፣ መኪናው ያስቸገረው ሐበሻ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነበር። ኮፈኑን ሳልከፍት ድምፁን ብቻ ሰምቼ «ይሄ የውሃ ፓምፑ ነው» እላለሁ፤ ሲከፈት የውሃ ፓምፑ ሆኖ ይገኛል። ስሜ ደሳለኝ ነው፤ ሰዉ ግን ዶክተር ነበር የሚለኝ። እኔም አልተቃወምኩም።

ስሙን ያወጣልኝ ጌታቸው ነው። ከጌታቸው ጋር ደሴ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው፤ ድንበሩንም አብረን ነው የተሻገርነው። በረሃው ላይ ውሃ ሲያልቅብን የመጨረሻዋን ጉንጭ «አንተ ጠጣ፣ አንተ ጠጣ» ስንባባል ልትደፋ የደረሰችበትን ቀን እያስታወሰ ይስቅብኝ ነበር። ኦክላንድ ወደብ ላይ የኮንቴይነር መኪና ይነዳ ነበር። ቁመቱ የጋራዤን በር ጎንበስ ሳይል አያሳልፈውም፤ ጣቶቹ ደግሞ ረዣዥም ከመሆናቸው የተነሳ የወደቀ ብሎን ከሞተር ሥር የሚያወጣልኝ እሱ ነበር። «አንተ እኮ መሣሪያ ሆነህ ነው የተፈጠርከው» እለዋለሁ። «አንተ ደግሞ አፍ ሆነህ» ይለኛል።

እህቱ ፀሐይ ሳን ሆዜ ትኖር ነበር። ባሏ ሰለሞንም እሷም የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ይህ ነገር በሆነበት ክረምት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። አምሮቷ የተጠበሰ በቆሎ ነበር። የተቀቀለው አይሆንላትም፤ ከሰል የነካው፣ ጥርስ ላይ የሚንጣጣው ነው የሚያስፈልጋት። ስለዚህ ጌታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዤ ጓሮ ይመጣና፣ በግማሽ የተቆረጠ በርሜል ላይ ከሰል አቀጣጥሎ ይጠብሳል። ከዚያ በፎይል ጠቅልሎ በኤይት ኤይቲ ፍሪዌይ ሳን ሆዜ ድረስ ይበርራል። «እህትህ ሱቅ የላትም?» ስለው፣ «አምሮት በሱቅ አይመለስም» ይለኛል።

የኦክላንድን ነሐሴ የማያውቅ ሰው፣ አሜሪካ ስለሆነ ነሐሴ በጋ ይመስለዋል። ጠዋት ጭጋጉ ከባሕሩ ተነስቶ ቴሌግራፍን ሲያለብሰው፣ አገር ቤት ክረምት ላይ ያለህ ይመስልሃል። ፍልሰታ ነበር። ጭጋጉ ሳይገፈፍ ጌታቸው መጥቶ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብሏል፤ እኔ የአንድ ሰው ቶዮታ ሥር ተጋድሜአለሁ። የበቆሎው ሽታ ከዘይቱ ሽታ ጋር ተቀላቅሏል። እሱ ስለ ፀሐይ ሆድ ያወራል። «ወንድ ከሆነ ሾፌር ይሆናል፤ ሴት ከሆነች ደግሞ የሾፌሮች አለቃ» አለ። ከዚያ ዝም አለ። ጌታቸው ወሬ ጀምሮ ዝም የሚል ሰው አልነበረምና ከመኪናው ሥር ወጣሁ።

በሁለት እጁ በርሜሉን ይዟል። ፊቱ አመድ መስሏል። «ዴስ፣ ከጀርባዬ የሆነ ነገር ተቀደደ» አለኝ።

መኪናውን የሚጠብቀው ደንበኛ ሮጦ መጣ። «ብርድ ነው፤ ላብ ላብ ብሎት ጭጋጉ መታው። ሸሚዙን አውልቅለትና ጀርባውን በቅባት እሸው» አለኝ። ያኔ ሁላችንም እንዲህ ነበርን፤ ጀርባ ሲወጋ ብርድ ነው፣ ራስ ሲያም ምች ነው። እኔ ግን እንኳን ሰው፣ መኪና ሲሄድ ሲሄድ በአንድ ጊዜ ቀጥ ካለ ብርድ ነው ብዬ አላውቅም። «አይታሽም!» ብዬ ጮህኩና መኪናዬ ውስጥ አስተኛሁት። ወደ ሆስፒታሉ የነዳሁትን ያህል ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ነድቼ አላውቅም፤ ደግሞም አንድም ሰው አልነካሁም።

መንገድ ላይ አይኑን ገለጠና፣ «በቆሎው እንዳያር» አለኝ። «እሺ» አልኩት። ሌላ ነገር አልተናገረም። ቀዶ ጥገና ሐኪሙ እየመጣ ነው ተብሎ አልጋውን እየገፉ ሲወስዱት አለፈ።

ያነጋገረችኝ ሐኪም ሽበት የጀማመራት ሴት ናት። እንደ ሕፃን አላባበለችኝም፤ ወረቀት አውጥታ ሣለችልኝ። ከልብ የሚነሳው ትልቁ የደም ቧንቧ ግድግዳው ድርብ ነው። የውስጠኛው ሽፋን በድንገት ሲቀደድ ደሙ በሽፋኖቹ መካከል እየሰነጠቀ ይገባል። ገባኝ፤ የፍሬን ጎማ ቱቦ እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ። ከዚያ ጣቶቹን እያሰበች መሰለኝ፣ «ሁልጊዜም እንዲህ ረጅም ነበር? ወንድም ወይም እህት አለው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እህት አለችው።»

«ቁመቷስ?»

«እሷም ረጅም ናት። ነፍሰ ጡር ናት።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እንዲህ ያለ ቁመትና ጣት የዚህ ሕመም ምልክት እንደሆነ፣ በቤተሰብም ሊሄድ እንደሚችል፣ እርግዝና ደግሞ እንደሚያብሰው ነገረችኝ። «ዛሬውኑ የልቧ ምስል መነሳት አለበት። ደግሞ የደም ግፊቷ ከፍ እንዳይል፤ በድንጋጤም ቢሆን» አለችኝ። ጓደኛዬ ከሞተ ገና አንድ ሲጋራ የሚጨስበት ጊዜ አልሆነውም ነበር። እኔም ለቅሶዬን ወደ ጎን አድርጌ ተነሳሁ።

ጋሽ ተክሌ አዲስ አበባ የኖሩ የአስመራ ሰው ነበሩ፤ ቴሜስካል ምግብ ቤት ነበራቸው። የሞተም የተጣላም ነገሩ የሚታየው እዚያ ነበር። ሄጄ መሞቱን ስነግራቸው በሩን ዘጉና ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ። ሰለሞንንም «መኪናዬ ቆማብኛለችና ድረስልኝ» ብለው በስልክ ከሳን ሆዜ አስመጡት። ሲነግሩት ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራቶ ተቀመጠ።

ከዚያ የሁላችንም ወግ የታወቀ ነው። መርዶ ለነፍሰ ጡር አይነገርም።

«እስክትወልድ ረጅም መንገድ ሄዷል እንላታለን» አሉ እትዬ ዘውዴ፣ የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች አለቃ። «ጭነት ይዞ ቺካጎ ሄደ እንላታለን።»

እኔ ሐኪሟ ያለችውን ነገርኳቸው።

«ዶክተር፣ አንተ የመኪና ዶክተር ነህ» አሉ ጋሽ ተክሌ። «ድንጋጤው ይገድላታል። ራሷ ሐኪሟስ ድንጋጤ አይሁን አላለችም?»

«ብላለች። ዝም ካልንም ትሞታለች ነው ያለችው።»

«ደሳለኝ፣ ወንድሟን ቀብረን ደግሞ እሷን በገዛ አፋችን…» አሉ እትዬ ዘውዴ። ሰለሞን ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ያያል።

ጋራዡ ቅርብ ነው። ሮጥኩና የወለቀ የፍሬን ቱቦ ይዤ ተመለስኩ። ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። «ይሄ ደህና ነው ወይስ አይደለም?» አልኳቸው። ጋሽ ተክሌ አገላብጠው ተመለከቱት። «ደህና ነው» አሉ። በቢላዋ ለሁለት ሰነጠቅሁት። ውስጡ ተልጦ፣ ሽፋኑ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል። «ጌቾን የገደለው ይሄ ነው። ፀሐይም ከላይ ስትታይ ደህና ናት» አልኩ። ሰለሞን ከወለሉ ተነሳና ቱቦውን በጣቱ ነካው።

«ሚስቴ ናት» አለ። «ትታይ።»

ጋሽ ተክሌ የተሰነጠቀውን ቱቦ እንደገና አነሱት። «መርዶ ያለ ወጉ አይነገርም» አሉ በመጨረሻ። «እንግዲያው ወጉን ሆስፒታል እንወስደዋለን። መጀመሪያ ትታይ፤ መድኃኒቱን ታግኝ። ከዚያ ሐኪሞቹ ባሉበት እናረዳታለን።» እኚህን ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ አባቴ እላቸው ነበር።

ሰለሞንን ይዤ ወደ ሳን ሆዜ ከመውረዴ በፊት ጓሮ ገባሁ። ከሰሉ ጠፍቷል። በቆሎዎቹ በርሜሉ ላይ እንዳሉ ናቸው። መጣል አልቻልኩም፤ በፎይል ጠቀለልኳቸው። ግማሽ መንገድ ላይ ፍሪሞንት ስንደርስ ጭጋጉ ቀረና ፀሐዩ ፊታችን ላይ ወጣ። ሰለሞን እጁን በአፉ ላይ አድርጎ ያለ ድምፅ ሲንሰቀሰቅ ደረስን። ልንገባ ስንል ፊቱን በአትክልት ውሃ ማጠጫው ታጠበ።

ፀሐይ በሩ ላይ ቆማለች። «ጌቾስ?» አለችኝ።

«አሞት ሆስፒታል ነው። ሐኪሟ በቤተሰብ የሚሄድ የደም ቧንቧ ሕመም ነው ብላለች። አንቺም አሁኑኑ ትታዪ ተብሏል።»

«እሱ ጋ ውሰደኝ።»

«መጀመሪያ አንቺ።»

እጄ ላይ ያለውን ፎይል ወሰደችና ገለጥ አደረገችው። በቆሎው ባንድ ጎኑ ከሰል ሆኗል፤ በሌላው ጎኑ እሸቱ እንዳለ ነጭ ነው። ብዙ አየችው። ጠቀለለችውና ይዛው መኪና ውስጥ ገባች።

ምስሉን ያነሳው ልጅ መጀመሪያ ይጫወት ነበር፤ ከዚያ አንዱን ቦታ ደጋግሞ አየ፤ ከዚያ ሐኪም ጠራ። ቧንቧዋ ተነፍቷል፤ አልተቀደደም። አስተኟት፤ ግፊቷን የሚያወርድ መድኃኒት በደም ሥሯ ለቀቁላት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹና የቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተሰለፉ። ሰለሞን የመርዶውን ወግ ለሐኪሞቹ ሲያስረዳ አድሯል። ነርሷ ከማሽኑ አጠገብ ቆመች። ጋሽ ተክሌ በሩ ላይ ወደ ሴቶቹ መለስ ብለው፣ «ደረት የሚመታ፣ ድምፅ የሚያሰማ ከእኔ ጋር አይገባም» አሉ። እትዬ ዘውዴ አገር ያወቃቸው አልቃሽ ናቸው፤ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ አድርገው ነከሱት።

ፀሐይ ስታየን፣ «ግቡ» አለች። «ትናንት በቆሎውን ሳየው ነው ያወቅሁት። ጌቾ በቆሎዬን ግማሽ ጠብሶ ጥሎ አይሄድም።»

ሴቶቹ ግራና ቀኝ እጆቿን ያዙ፤ ደረቷን እንዳትመታ። እንደዚያ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም። ያ ሁሉ ሰው በሹክሹክታ አለቀሰ። እትዬ ዘውዴ የጌታቸውን ቁመት፣ እጁን፣ ደግነቱን ጆሮዋ ሥር ለሕፃን እሹሩሩ እንደሚባለው ቀስ እያሉ አወረዱት። ማሽኑ ጢጥ ጢጥ ይላል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል፤ ዝቅ ሲል ይቀጥላሉ። ነርሷም አለቀሰች።

«ዶክተር» አለችኝ ፀሐይ። «መጨረሻ ላይ ምን አለህ?»

«በቆሎው እንዳያር አለኝ።»

ሳቀች። እየሳቀች እንባዋ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። እኔም ያን ጊዜ፣ ጌታቸው ከሞተ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ግድግዳው ላይ ፊቴን አድርጌ አለቀስኩ።

ሕፃኗን፣ ሊያን፣ ሳምንቱ ሳያልቅ በቀዶ ጥገና አወጧት። ቆየት ብሎ የእናቷን ቧንቧ ክፉውን ቁራጭ ቆርጠው በሰው ሠራሽ ቱቦ ተኩላት፤ የቀረው በየዓመቱ ምስል ይነሳል። ጌታቸውን ፀሐይ ሳትኖር ኦክላንድ ቀበርነው።

ብዙ ዓመት ሆነው። አሁንም ነሐሴ ላይ ጭጋጉ ቴሌግራፍ ላይ ሲወርድ በቆሎ የሚያር ይሸተኛል። አንዳንድ ሰው ስለ ራስህ ታበዛለህ ይለኛል። አበዛለሁ፤ እንዲህ የሚያደርገኝ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ጌታቸው ነበር፣ እሱም የለም። እንግዲህ የቻልኩትን እኔው ልናገር። ያለ አስተማሪ ሞተር ተማርኩ። በሞተር እንግሊዝኛ ተማርኩ። ጌታቸውን አላሳሸሁም፤ በሕይወት ሐኪም እጅ አደረስኩት። በአንድ የጎማ ቱቦ ሽማግሌ አሳመንኩ። ሊያን መኪና መንዳት አስተማርኩ፤ ደህና ትነዳለች፣ እኔን ባታህልም። ፀሐይን በየዓመቱ ሆስፒታል አደርሳታለሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ፤ በየዓመቱም ከጎኔ አስቀምጬ ይዣት እመለሳለሁ።