ከስምንት ኦም በታች አይገጠምም

የባለቤቴ ሙት ዓመት ካለፈ ሁለት ወር ሆነው። እኔ ግን ጥቁሬን አላወለቅሁም። ቆቦ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ሳይቀር ሴቶች የልብሴን ጫፍ ይይዙና፣ "ኧረ ይብቃሽ፣ ሙት ይከፋዋል" ይሉኛል። ሐዘን የጸናብኝ ይመስላቸዋል። ሐዘኑ አለ፣ የትም አልሄደም። ጥቁሩን ያላወለቅሁት ግን በንዴት ነው። የምናደደውም ስለ አንድ አምፕሊፋየር ነው። ይህን ስል የሚስቅ ሰው አለ። ይሳቅ።

ባለቤቴ የመስኖ ፓምፕ ሞተር ይጠግን ነበር። ከሮቢት እስከ ዋጃ ባለው ሜዳ እጁ ያልነካው ሞተር ጥቂት ነው። ቀኑን ሙሉ ጩኸት ሲሰማ የሚውል ሰው ቤቱ ሲገባ ዝምታ ይፈልጋል ብዬ አስብ ነበር። እሱ የፈለገው ጥሩ ድምፅ ነው። ዝግ አድርጎ ከፍቶ፣ የክራሩ ክር ሲነካ፣ ዘፋኟ አየር ስትስብ፣ ሁሉም ለየብቻው እንዲሰማው። አምፕሊፋየሩን ዋጃ ላይ ከአንድ ነጋዴ ገዛው። አሮጌና ከባድ ነው፣ መብራቱም አንዲት ቀይ ነጥብ ብቻ። የሚስማሙትን ሁለት ስፒከሮች ለማግኘት ግን ሦስት ዓመት ፈጀበት። ያመጣል፣ ይገጥማል፣ ያዳምጣል፣ ይነቅላል።

"ይሄኛው ደግሞ ምን ጎደለው? ይጮኻል እኮ" እለው ነበር።

"መጮኽማ አህያም ይጮኻል።"

አንድ ቀን ነገሩን ላስረዳሽ ብሎ ሊጠግን ወደሄደበት የሽንኩርት ማሳ ይዞኝ ሄደ። ፓምፑን በአንድ ጠባብ ቦይ ብቻ አስነሣውና እጄን ሞተሩ ላይ አስቀመጠ። ለብ ያለ ነበር። ከዚያ ቦዮቹን ሁሉ ከፋፈተ። ጥቂት ቆይቶ እጄን መልሶ ሲያስቀምጠው አቃጥሎኝ ሳብኩት።

"አምፕሊፋየሩ ፓምፑ ነው፣ ስፒከሩ ቦዩ" አለኝ። "ኦም የሚሉት የቦዩን ጥበት ነው። ስምንት ኦም ጠባብ ነው፣ አራት ኦም ሰፊ፣ ሁለት ኦም ጎርፍ። የእኛው ለስምንት የተሠራ ነው። ሰፊ ብትከፍችበት እምቢ አይልሽም። እየሰጠ፣ እየሰጠ፣ ይቃጠላል።"

የእሱ ጽሕፈት የዶሮ ጭረት ነበር፤ ራሱም መልሶ አያነበውም። ስለዚህ እኔ በቁስል ፕላስተር ላይ ጻፍኩና ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ፣ ሽቦው ከሚታሰርበት በላይ ለጠፍነው፦ "ከስምንት ኦም በታች አይገጠምም። በአንድ ጎን አንድ ስፒከር ብቻ።"

ባለፈው ዓመት በማሽላ አጨዳ ሰሞን ፓምፕ ሊያይ ሄዶ ማሳው ዳር ወደቀ። ልቡ ነው አሉኝ። በእሱም እናደዳለሁ። የሞተርን ሙቀት በመዳፉ የሚያውቅ ሰው የራሱን ደረት አላወቀም።

በእኛ ዘንድ ባል የሞተባት ሴት ቤት ዓመት እስኪሞላ ዘፈን አይከፈትም። አልከፈትኩም። ዕቃውን በጋቢው ሸፈንኩት። ከሁለቱ ስፒከሮች እኩል ርቀት ለክቶ ያስቀመጣትን በርጩማ እንኳ ከቦታዋ አላነሣኋትም። አንድ ነገር ብቻ ለራሴ ቃል ገባሁ፦ ሙት ዓመቱ ሲወጣ ጥቁሬን አውልቄ፣ እዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ እሱ የሚሰማውን ድምፅ እሰማለሁ። ያንን ዓመት የተሻገርኩት ያቺን ቀን እያሰብኩ ነው።

አርባው እንዳለፈ ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። ጎብዬ ላይ ሻይ ቤት ከፍቷል።

"ልጄ" አሉ ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ "ዕቃው ዓመት ሙሉ ሥራ ፈቶ ሊቀመጥ ነው። ዋርሳሽ ደግሞ ማጉያ የለውም።"

"ስፒከሮቹስ?" አልኩ።

"ስፒከር አለኝ እትዬ። ያንቺዎቹ እዚሁ ይቀመጡ።"

"ይኸው" አሉ ሽማግሌው ጭናቸውን መታ አድርገው፣ "አንዱ በሬ ካንቺ፣ አንዱ ከሱ። መቀናጆ ነው!" ሁሉም ሳቁ።

ክፉ አስበው አልነበረም፤ ይህን ማለት አለብኝ። እዚህ አገር አራሽ የሞተበት ቤት በሬው ቆሞ አይከርምም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ጎረቤት ወስዶ ከራሱ በሬ ጋር ያቀናጀዋል፣ ያርስበታል፣ ይመልሳል። ደግ ልማድ ነው። ነገር ግን በሬ ሲከብደው ይተኛል። አምፕሊፋየር አይተኛም።

"ከጀርባው የተጻፈውን አንብብ" አልኩት።

"አብሽሪ እትዬ!"

ሌላ አልተናገርኩም። ጥቁር የለበሰች ሴት ሽማግሌ ፊት አታበዛም ተብሎ ነው ያደግሁት። ከሁሉ አብልጦ የሚያቃጥለኝ ያ ዝምታዬ ነው።

በአሥራ አንደኛው ወር በማዳበሪያ ጆንያ ተሸክሞ መለሰው። ጆንያውን ሳይፈታው ሽታው ቤቱን ሞላው።

"ትንሽ ሞቆ ነበር" አለ።

"ስንት ስፒከር ሰካህበት?"

"አራት። በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ ደራርቤ።"

"ስንት ስንት ኦም ናቸው?"

"እኔ ምን አውቄ፣ ትልልቅ ናቸው። ሠርግ ላይ የሚሠሩት።"

አዙሬ አየሁት። ፕላስተሩ አልተላጠም፣ ፊደሉም አልደበዘዘም። እንዲያውም አቧራው ተጠርጎለታል።

"ይህን አላየኸውም?"

"አይቼዋለሁ።"

"አላነበብከውም?"

"አንብቤዋለሁ።"

"ታዲያ?"

ሳቅ አለ። እንደ ቀላል ነገር፣ እንደሚያጽናናኝ ሰው፣ "ጽሕፈቱ ያንቺ ነዋ እትዬ። የወንድሜ ቢሆን እኮ አልነካውም ነበር" አለኝ።

ያን ቀን ምን እንዳልኩት አላስታውስም። ከደጅ ሲወጣ ጫማውን በእጁ ይዞ እንደነበር ጎረቤቴ ነገረችኝ። የማስታውሰው ብቻዬን ስቀር ያሰብኩትን ነው። አሥር ዓመት ከሰውዬው ጋር ኖሬያለሁ። ሽቦ ሲልጥ ይዤለታለሁ፣ ሲያዳምጥ አብሬው አዳምጫለሁ፣ የሚያውቀውን ሁሉ በእኔ እጅ አስጽፏል። እሱ ሲሞት ታዲያ ዕውቀቱ አብሮት ተቀበረና በእኔ እጅ የቀረው ሥዕል ሆነ፤ ታይቶ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ የሚታለፍ።

በሙት ዓመቱ ቀን ሰው በልቶ ከጠጣ በኋላ ጥቁሬን ሊያስወልቁኝ ተሰበሰቡ። ዋርሳዬ አዲስ አምፕሊፋየር በካርቶኑ ይዞ ገባ። አውጥቶ ሲሰካው ከፊቱ ሰማያዊና ሐምራዊ መብራት ተሯሯጠበት።

"ይኸው" አሉ እኚያው ሽማግሌ፣ "ካሠልሽ። ካሮጌው ሦስት እጥፍ ይጮኻል አሉ። በይ አውልቂና ይከፈትልሽ።"

ወደ ጓዳ ገብቼ የተቃጠለውን ተሸክሜ አወጣሁና መሐላቸው አስቀመጥኩት። ጀርባውን ወደ ዋርሳዬ አዞርኩ።

"መጀመሪያ ያንብብልን" አልኩ።

"እትዬ፣ ሰው ፊት..."

"ሰው ፊት ነው የወሰድከው።"

አነበበ። እያጉተመተመ ነበርና ድምፅህን ከፍ አድርገህ አልኩት። ደግሞ አነበበ።

"ኦም ምንድን ነው?" አሉ ሽማግሌው። ስለ ፓምፑና ስለ ቦዩ ነገርኳቸው። የእሳቸውም ማሳ በፓምፕ ነው የሚጠጣው፤ ሳልጨርስ ገባቸው።

"አዲሱስ ታዲያ ምን አለው?"

"አባቴ፣ ጉልበተኛ ወይፈን ካረጀ በሬ ጋር ይጠምዳሉ?"

"ምን ሲባል! አንገቱን ሊሰብረው?"

"ይህም የእኔን ስፒከሮች እንደዚያው ነው የሚያደርጋቸው።"

ዋርሳዬን አዩት። እሱ መሬት አየ።

"ጥቁሬን የማወልቀው" አልኩ፣ "አሮጌው ተጠግኖ በእነዚያ በሁለቱ ላይ ሲከፈት ነው። ደሴ ድረስ የሚሸከመውም እሱ ነው።"

ጉምጉምታ ሆነ። ዓመት አልፎ ጥቁር የለበሰች ሴት ስትታይ የሚታማው የባል ወገን ነው፤ ምን ቢበድሏት ነው ይባላል። እኔም ይህን አውቄ ነው ያልኩት። አንዲት የባለቤቴ አክስት፣ "በዕቃ ትጨክኛለሽ?" አለችኝ። አዎ፣ በዕቃ እጨክናለሁ። የባሌን መዳፍ ማስቀረት አልቻልኩም፤ መዳፉ ሦስት ዓመት ለክቶ ያስማማውን ድምፅ ግን ማስቀረት እችል ነበር።

አዲሱ በካርቶኑ ተመለሰ። ዋርሳዬ አሮጌውን ይዞ ሁለት ጊዜ ወደ ደሴ ተነሥቷል። የመጀመሪያው ጊዜ መንገድ ተዘግቶ ሳይደርስ ተመለሰ። ትናንት ከደሴ ደወለ።

"እትዬ፣ አብሽሪ! ለተቃጠለው ትራንዚስተር ምትክ ተገኘ!"

"ስንት?"

"አንድ።"

"አንድ አይሆንም። በየጎኑ ጥንድ ጥንድ ናቸው። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ አንዱ የሌላውን ሸክም ይወስድና መልሶ ይቃጠላል።"

ያን ሳቁን ጠበቅሁ። አልሳቀም።

"እሺ፣ ምን ልበላቸው?" አለ።

"ጻፍ።"

ሰውን እስክሪብቶ ሲለምን ሰማሁት። ከዚያ ቃል በቃል ነገርኩት፤ ጻፈ።

"አሁን አንብብልኝ" አልኩት።